ቁልፉ በሩ ላይ ነው

ሰው በገዛ ሳሎኑ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደሌለ ሲቆጠር የሚያንገበግበውን ያህል የሚያንገበግብ ነገር የለም። ባልቴቷ እግሯን ሰብስባ ቁጭ ብላ እያየችው፣ የልጇ አለቃ በራሷ ላይ አሻግሮ ልጅቱን፣ «ቀን ቀን እዚህ ማን ይውላል?» ብሎ ጠየቀ።

«እናቴ ብቻ ናት» አለች ልጅቱ።

ብቻ! ወልዳ፣ አጥብታ፣ አስተምራ፣ «ብቻ» ተባለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ኮምፒውተር ጠባቂ ናት። የሆስፒታሎችን የሕሙማን መዝገብ የያዙ፣ ሰርቨር የሚሏቸው ትልልቅ ኮምፒውተሮች ሩቅ ቦታ ተደርድረው ይኖራሉ፤ እሷ መኝታ ቤቷ ቁጭ ብላ ትገባባቸዋለች። የምትገባውም በቁልፍ ነው። ቁልፉ ብረት አይደለም፤ ኮምፒውተሯ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ሰሞኑን አንድ የማይታወቅ ሌባ በዚሁ ቁልፍ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እንደ አባቱ ቤት ሲመላለስ ተገኘ። መሥሪያ ቤቱም ቁልፉ ከዚህ ቤት ነው የወጣው አለ። ልጅቱ ወጣ ስትል ኮምፒውተሩ የሚቀረው ከማን ጋር ነው? ከባልቴቷ ጋር። በቃ፣ ፍርዱ አለቀ!

ጠዋት ልጅቱ ለወንድሟ ስትደውል ባልቴቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። «እማዬ አንተ ጋ ትመጣለች። እሷ እዚህ እያለች ከቤት መሥራት አትችይም ብለውኛል። ሥራዬን ላጣ ነው» ስትል። ወንድ ልጇ ጋ! ሚስቱ ብርጭቆ በተነሣ ቁጥር ዓይኗን የምታስከትል፣ ሳል በተሰማ ቁጥር መስኮት የምትከፍት ሴት ናት። ባልቴቷ ደግሞ ይህን ቤት ከሟች ባሏ ጋር ድንጋይ ተሸክማ ነው ያቆመችው። ከዚህ ወጥታ የምራት ፊት ልታይ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ።

ከአለቃው ጋር አብሮ የመጣው የልጅቱ የሥራ ባልደረባ ደግሞ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የልጅቱን ኮምፒውተር ዘርግቶ በጣቱ ይጠቀጥቃል። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው ስለሆነ ባልቴቷ ገና ሲገባ ሪዛሙ ብላ ሰይማዋለች።

«እናታችን» አለ አለቃው ጎንበስ ብሎ፣ ለደንቆሮ እንደሚነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኮምፒውተር እጠግናለሁ ብሎ የመጣ ሰው ነበር?»

«ግድ የለም፣ እሳቸው ይህን አያውቁትም» አለ ሪዛሙ ቀና ሳይል።

ባልቴቷ ብድግ አለች። «ስሙኝ! ሌባ አስገብታለች ካላችሁ ሌባ በሉኝ። ምንም አታውቅም ካላችሁም ደንቆሮ በሉኝ። ሁለቱን ግን ባንድ ራስ አልሸከምም፤ አንዱን ምረጡ!»

«እማዬ፣ በናትሽ...»

«እናቴ ሞታለች፤ በሷ አትለምኚኝ።»

«አይቆጡ» አለ አለቃው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውንም ይባላል።»

አለቃው ላቡን ጠረገ። «እሺ። ወጣ ሲሉ በሩን ይዘጋሉ?»

«አይ! ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ለሌባው ምንጣፍ አንጥፌለት ነው የምሄደው።»

«ቁልፉስ የት ነው የሚውለው?»

«በሩ ላይ ነዋ!»

ሪዛሙ ጣቶቹን አቆመ።

«በሩ ላይ?» አለ አለቃው።

«ቁልፍ በር ላይ ካልዋለ የት ሊውል ኖሯል? ራስጌዬ?»

«ይኸው ተገኘ!» አለቃው ጭኑን መታ አደረገ። «ቁልፉን በሩ ላይ ትተው ይሄዳሉ! አላፊ አግዳሚው ከፍቶ ቢገባ ምን ይገርማል!»

ባልቴቷ እጅጌውን ጨምድዳ እየጎተተች ደጃፉ ላይ አቆመችው። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ጨብጣ አንቀጫቀጨችው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ጓጉንቸር።»

«ቁልፍ ነው! ይህስ?» ከአንገቷ ክር ስባ አወጣች።

«ቁልፍ... ነዋ።»

«መክፈቻ! ቁልፉ እዚህ ይውላል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ሌባም ቆሞ ያየዋል፤ አይቶ ምን ሊያመጣ! መክፈቻው ግን ከጡቴ ሥር አይወጣም። የተማረ ሰው ይህን ሁለት ነገር ባንድ ስም ይጠራል?»

ልጅቱ ሳቀች። ሰሞኑን ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ዞር ብላ ሪዛሙን አየችው።

«አንተ። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ቁልፉን ሁሉም ሰርቨሮች ላይ አስቀምጥልኝ ብዬህ ነበር።»

«አስቀምጫለሁ እኮ።»

«የላክሁልህ ሁለት ፋይል ነው። የቱን?»

«ሁለቱንም ነዋ» አለ ሪዛሙ። «ሁለቱም ቁልፍ አይደሉ እንዴ?»

ልጅቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሁለቱም ቁልፍ ይባላሉ፣ እውነት ነው። አንዱ ግን እንደዚያ ጓጉንቸር በየሰርቨሩ ደጃፍ የሚንጠለጠል፣ ቢታይ የማይጎዳ ነው። ሌላው መክፈቻው ነው፤ ከባለቤቱ ኮምፒውተር ወዲያ እግሩን ማንሣት የለበትም። ሪዛሙ መክፈቻውን በየሰርቨሩ ሆድ አስቀምጦት ኖሯል። ሌባው አንዱን አሮጌ፣ ሳይታደስ የተረሳ ሰርቨር ሰብሮ ሲገባ፣ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

«መክፈቻው ራሱ የይለፍ ቃል አልነበረውም?» አለ አለቃው በቀጭን ድምፅ።

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። «ቶሎ እንዲጨርስ ብዬ... ያለ ይለፍ ቃል ነው የላክሁለት።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ትርምስ ነው። አለቃው ስልኩን ይዞ አሮጌውን ሰርቨር ከመስመር አውጡት እያለ ጮኸ። ሪዛሙ መክፈቻውን ካስቀመጠበት ሁሉ እየለቀመ አጠፋ፣ የድሮዎቹንም ቁልፎች ከየደጃፉ አወረደ። ልጅቱ አዲስ መክፈቻ አበጀች፤ በረጅም የይለፍ ቃልም አሰረችው። ባልቴቷን ግን አንድ ሰው ዞር ብሎ አላያትም። ሥራው ሲያልቅ ገመዳቸውን ጠቀለሉ፣ ቦርሳቸውን አነገቱ።

«በሉ እናታችን፣ ደኅና ይዋሉ። ነገሩ ተፈታ» አለ አለቃው።

«ያሰረውስ ማን ነበር?»

አለቃው አቀረቀረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንተስ ባዳ ነህ። ባዳ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ ሂድ።» ሁለቱ ጎንና ጎኗን እየታከኩ ሹልክ ሲሉ ባልቴቷ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ ልጅቱ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ደክሞኛል። ማታ እናወራለን።»

«ስትጠረጥሪኝ ማታ ጠብቀሽ ነበር?»

«ሥራዬን ላጣ ነበር እኮ! ምን ላድርግ?»

«መጠየቅ! አፍ የለኝም? አሁን ወንድምሽ ጋ ደውዪ። 'እማዬ ትመጣለች' ባልሽበት አፍ፣ 'አትመጣም፣ ጥፋቱ የኔ ነው' በዪው። ድምፁንም ከፍ አድርጊው፤ ሚስቱም ትስማ።»