ተረከዙ ሰፋ ያለ ጫማ

እናት፣ «ልጄን ያሳመመው አንተ የሰፋህለት ጠባብ ጫማ ነው» ትላለች። ጫማ ሰፊው አባት ደግሞ፣ «የእኔ ጫማ ማንንም አሳምሞ አያውቅም፤ ኳስ ሲጫወት ነው የተመታው» ይላል። ሁለቱም አልነበረም። ለአቅመ አዳም በደረሰው ትንሹ ልጃቸው ተረከዝ አጥንት ውስጥ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሟ እንዳለችው፣ እግር ላይ እምብዛም ስለማይታይ፣ ወጣት ሲያነክስ ሰው ሁሉ «ወለምታ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አባትም ያለፈው በሙያው ነው። ሌላ ሰው ያበጠ እግር ሲያይ ሐኪም ቤት ይሮጣል፤ እሱ ግን በእግር ቅርጽ በተጠረበው የእንጨት ፎርማ ላይ ቆዳ እየለጠፈ፣ ተረከዙ ሰፋ ያለ አዲስ ጫማ ይሠራል። እብጠቱ ሲጨምር ደግሞ ሌላ።

ይህን ሁሉ ታላቅ ወንድሙ ከጎን ተቀምጦ፣ የደንበኛ ሶል እየለጠፈ ያይ ነበር። ለእሱ አባቱ ጫማ ከሰፋለት ዘመናት አልፈዋል። «የልዑላችን እግር አላበጠም፤ ያበጠው ስንፍናው ነው» ይል ነበር። በሽታው ከታወቀ በኋላ እንኳ ንዴቱ አልበረደለትም። እናት ከአልጋው አትለይ፣ አክስት ከደጁ አትጠፋ፣ አባት ሱቁን ዘግቶ እግር ሲያሻሽ ይውላል። በበሽተኛ ይቀናል? እሱ ግን ቀና።

ትንሹ የካንሰር መድኃኒቱን ወስዶ ከጨረሰ በኋላ ሐኪሟ ሁሉንም ሰብስባ፣ «ከጉልበት በታች ቢቆረጥ ይሻላል። እግሩን እናትርፍ ካልን በሽታው ሊመለስ ይችላል» አለች።

«ትንሽ ይቆይ» አለ አባት። «ሌላ ሐኪም ይየው። ይሄን እግር እኮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለካሁት እኔ ነኝ!»

«ውሳኔው የእሱ ነው፤ ልጅ አይደለም» አለች ሐኪሟ።

ትንሹ ከትራሱ ቀና አለ። «ያ ቀናተኛ የታለ?»

«ምን ልታዘዝ፣ ልዑል ሆይ?» አለ ታላቁ ከበሩ።

«ይኸው! ከታመምኩ ወዲህ የሚሰድበኝ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው ሁሉ በቁሜ ያለቅስልኛል። ከኦፕራሲዮን ስወጣ አጠገቤ የምትሆነው አንተ ነህ።»

«እኔስ?» አለ አባት።

ታላቁ የአባቱን ዓይን አየ። ያንን የተገፋ ሰው አስተያየት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ለዓመታት የራሱ ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም።

«አንተ ውጭ ጠብቅ፣ አባባ» አለ ትንሹ። «እግሬን ልታተርፍልኝ አትችልም፤ በመንከባከቡ ግን አልሰነፍክም።» ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ዶክተር፣ ይቆረጥ።»