ቀኑ ሞልቷል

ኅዳር አሥራ ሁለት ሞልቷል አሉኝ። ቀን ይሞላል እንዴ? የመሳለሚያ ሚኒባስ እንኳ ሞልቷል ከተባለ በኋላ ሁለት ሰው ይጨምራል!

ነገሩ እንዲህ ነው። የተራችን ነጋዴዎች ማኅበር በየዓመቱ ለደንበኛ የሚታደል የግድግዳ ካላንደር ያሳትማል። ሊቀመንበራችን ጋሼ ዘመድኩን ቁጥር ብቻ እንዳይሆን ብለው፣ ከየቀኑ ሥር በዓሉንና በዚያ ቀን በዓለም ላይ የሆነውን ሁሉ በትንንሽ ፊደል ያስጽፋሉ። ጽሑፉን ከኢንተርኔት የሚለቃቅመው የማተሚያ ቤቱ ሰው ጁነዲን ነው። በነሐሴ ረቂቁን ለኮሚቴው ሲያመጣ እኔም ነበርኩ። ሰሀንና ፔርሙዝ ነው የምሸጠው፤ ግን የኮሚቴ አባል ነኝ፣ ዝም የምልም ሴት አይደለሁም።

ኅዳር ወር ላይ ስደርስ ጣቴን አሥራ ሁለት ላይ አሳረፍኩ። «ኅዳር ሚካኤል» ይላል። ደግ። ቀጥሎ «ኅዳር ሲታጠን» ይላል፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያረገፈው በሽታ የሚታሰብበት፣ ቆሻሻ ተጠራርጎ የሚቃጠልበት። ይኼም ደግ። ከዚያስ? «የዓለም ቴሌቪዥን ቀን»። ከሱ ሥር «የዓለም ዓሣ ሀብት ቀን»። ከሱም ሥር፣ ፓሪስ ውስጥ ሁለት ሰዎች በፊኛ ወደ ሰማይ የወጡበት ዕለት።

ፊኛ! ደሜ ፈላ።

«ጋሼ ይመርስ?» አልኩ።

ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ጋሼ ይመር የተራችን ዘበኛ ነበሩ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዚሁ በኅዳር አሥራ ሁለት፣ አመሻሹ ላይ ተራው በእሳት ሲያያዝ እኔ ሱቄ ውስጥ ቆጥ ላይ ወጥቼ ዕቃ እደረድር ነበር። መሰላሉ በጭስ ጠፍቶኝ በቃ አለቀልኝ ስል፣ ጎትተው ያወረዱኝ እሳቸው ናቸው። አስፋልቱ ላይ አስቀምጠውኝ የጎረቤቴን ሱቅ ሊያዩ ተመለሱ። ቆርቆሮው በላያቸው ላይ ተደረመሰ።

ከሆስፒታል ስወጣ እሳቱ ስም ወጥቶለት ጠበቀኝ። «የዘበኛው እሳት» ይሉታል። ሽማግሌው ሊሞቁ ያቀጣጠሉት ከሰል ነው ተባለ። ከሰሉን ያየ ሰው ግን አንድም የለም። ዘመድኩን ለኅዳር ሲታጠን ብሎ ካርቶንና ፌስታል አስከምሮ ከግድግዳው ሥር ሲያስለኩስ ግን ያላየ ነጋዴ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ሳወራላችሁ አንቱታውን ብተወው አትፍረዱብኝ። ግማሹ ተራ የሱ ተከራይ ነውና አፉን የሚከፍት ጠፋ። እኔ ስናገር ደግሞ «አንቺ ቆጥ ላይ ሆነሽ ምን አየሽ?» ይሉኛል።

የጋሼ ይመር ባለቤት እትዬ ሸዋርካብሽ ራጉኤል አጥር ሥር ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። «ተራውን ያቃጠለው ሰውዬ ሚስት» እየተባለ ሲጠቆምባቸው ይሰማሉ። አንድ ቀን ሎሚ ልገዛ ሄጄ፣ «ልጄ፣ ሞቱንስ ለመድኩት፤ መልመድ ያቃተኝ የለጠፉበትን ስም ነው» አሉኝ። ያን ቀን እንዴት ወደ ሱቄ እንደተመለስኩ አላውቅም።

እና ኮሚቴውን የጠየቅሁት አንዲት መስመር ነው። «ጋሼ ይመር ሰው ሲያድኑ የሞቱበት።» ሌላ ምንም።

«ሰዓደት፣ ቀኑ ሞልቷል» አለ ዘመድኩን።

«ቴሌቪዥኑን ያውጡታ!»

«ቴሌቪዥን የሚሸጡ አባላት አሉን። ይከፋቸዋል።»

«ዓሣውንስ? እዚህ ተራ ማን ነው ዓሣ የሚሸጠው?»

ጁነዲን ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ዘመድኩንን አየና ሳለ።

«ደስ የማይል ነገር ለደንበኛ አይታደልም» አለ ዘመድኩን።

«በሽታው ነው ደስ የሚለው?»

ስብሰባው ተዘጋ። ካላንደሩ በጳጉሜ ወጣ፤ የዘመድኩን ፎቶ ከላይ፣ ፊኛው ከታች። የኔን ድርሻ ከነእስሩ ከጠረጴዛ ሥር ወረወርኩት።

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። እትዬ ሸዋርካብሽ እንደየዓመቱ ሚካኤልን ተሳልመው፣ ለባላቸው መታሰቢያ የጋገሩትን ድፎ በመሶብ ይዘው፣ ጋሼ ይመር የወደቁበት ቦታ መጡ። ያን ቦታ ምን ሞልቶት ጠበቃቸው? ካርቶን! የዘመድኩን ሠራተኞች ከአዲሱ ግድግዳ ሥር፣ እዚያው ላይ ከምረውታል። አንደኛው ክብሪቱን አውጥቷል።

ከሱቄ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዤ ወጣሁና ክምሩ ላይ ደፋሁት።

«አይለኮስም!»

ሰው ተሰበሰበ። ሸማቹም፣ ተሸካሚውም፣ ባለሱቁም። ዘመድኩን እየሮጠ መጣ።

«ምን ነካሽ አንቺ? የአባቶቻችን ልማድ ነው!»

«ልማድዎን ሜዳ ላይ ያድርጉት! ግድግዳ ሥር ለኩሰው አንዴ ፈጅተውናል፣ አይበቃም?»

«ያኔ እኮ ነፋሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ሰው አቁሜ አስጠብቄው ነበር! ድንገት ነፋስ ሲያነሳው ምን ላድርግ?»

ምን እንዳመለጠው እሱም የገባው ብሎ ከጨረሰ በኋላ ይመስለኛል።

እትዬ ሸዋርካብሽ መሶባቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ከሰል ነው ሲባል አልነበር?» አሉ፣ በቀስታ።

የመለሰላቸው የዘመድኩን ተከራይ፣ ቆርቆሮ ሻጩ ፉርቃን ነው። «ነፋሱ ነው እትዬ። የተለኮሰውንም፣ ነፋሱ ሲያነሳውም አይቻለሁ» አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወላሂ ደስ አላለኝም፣ ይበልጥ ነደድኩ። «ዛሬ ነው የታየህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይንህን የት አስቀምጠኸው ነው?» አልኩት። ሌላ አንድ ሁለት ሰዎችም እኛም አይተናል እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ሁሉንም አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

እትዬ ሸዋርካብሽ ግን ከማንም ጋር አልተጣሉም። ድፎውን ቆርሰው ማደል ጀመሩ። የተቀበለ ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ይጎርሳል፤ የሙት መታሰቢያ ተቀብሎ ዝም አይባልም። እኔም ድርሻዬን ይዤ ቆምኩ። በመጨረሻ ትልቁን ቁራሽ ይዘው ዘመድኩን ፊት ቆሙ።

«ይቀበሉኝና ነፍስ ይማር ይበሉ» አሉት። «በስሙ ጠርተው።»

እጁን ዘረጋ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ከንፈሩን አንቀሳቅሶ፣ «ይመርን ነፍሱን ይማር» ያለ መሰለኝ፤ ለራሱ እንኳ መሰማቱን እንጃ።

«አልተሰማም!» አልኩ።

እትዬ ሸዋርካብሽ ቁራሹን ሳይለቁለት ቀና ብለው አዩት። «እኔም አልሰማሁም» አሉ።