መርዶ በክፍት ወረቀት

«ሁላችንም ደህና ነን ብለሽ ጻፊለት፤ በቃ!» አለ ገብረዋሕድ፣ ወረቀቱን ወደ ኣርያም እየገፋ። «ነገ እኔው ቀይ መስቀል አደርስልሻለሁ።»

እናቷ ኣብርሀት ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ግቢያቸው ውስጥ የተተከለው ድንኳን ገና በለቀስተኛ እንደሞላ ነው። አጎቷ ግን የገዛ እህቱ ደህና ናት ተብሎ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም።

አባቷ ዘርአጽዮን አስመራ ነው። በ1990 ክረምት፣ ጦርነቱ በተነሳ በሁለተኛው ወር፣ ሁለት ሰዎች በማለዳ መጥተው «ትውልድህ ኤርትራ ነው» ብለው ወሰዱት። ሠላሳ ዓመት የኖረበት ከተማ በአንድ ጠዋት ባዳ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስልክም ፖስታም የለም። ያለው ቀይ መስቀል የሚያመላልሰው ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም አይታሸግም፣ እጁ የገባ ሁሉ ያነበዋል።

«መርዶ በወረቀት አይነገርም» አለ ገብረዋሕድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰው ከብቦት ነው። እሱ እዚያ ማን አለው? ብቻውን አንብቦት አንድ ነገር ቢሆንስ?»

የኣርያምን እጅ ያሰረውም ይኸው ነው። ብትዋሽ አባቷ ለሞተች ሚስቱ ሰላምታ ሲልክ ይኖራል። እውነቱን ብትጽፍ ደግሞ አይዞህ ባይ በሌለበት ክፍል ልትገድለው ነው።

እናቷ አባቷ በተወሰደበት በዚያ ማለዳ አልጮኸችም። የወሰደው መኪና ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችና «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብላ ገባች። ኣርያም በንዴት «ሲወስዱት የት ነበር እግዚአብሔር?» ስትላት፣ ሽንኩርት መላጧን ሳታቋርጥ «እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «ግን ብቻውን ነው ካልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አምላክ የሚያስጠጋው ሰው አያጣም ብዬ ነው የምተኛው።» ኣርያም ያን ጊዜ እናቷን እንደ ሞኝ ቆጥራት ነበር። አሁን ትዝ ሲላት አፈረች።

ከፊት ለፊታቸው ሱቅ ያላቸው የወሎዋ እትዬ ፈዲላ ሻይ ይዘው ገቡ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ቤታቸው አላደሩም።

«እትዬ ፈዲላ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጽፉለት ነበር?»

«እውነቱን ነዋ የኔ ልጅ!» አሉ ሴትዮዋ ትሪውን አስቀምጠው። «የባሌ መርዶ ሲመጣ እዚህ ሰፈር ከገባሁ ሳምንቴ ነበር። እናትሽን ስሟን እንኳ አላውቀውም። እቅፍ አድርጋኝ ነው ያደረችው። አላህ ለኔ ባዳ ሰው ካመጣልኝ፣ ለአባትሽ ያቅተዋል?»

ኣርያም ብዕሯን አነሳች። «አባዬ፣ እማዬ አረፈችብን። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው፤ ስምህን እየጠራች ነው የሄደችው» ብላ ጻፈች። እንባዋን በነጠላዋ ጠራርጋ ወረቀቱን አጠፈችና በጀርባው ቀጠለች፦

«ይህን ለምታደርስ ሰው። ማን እንደሆንክ አላውቅም። እባክህ ጎረቤቶቹን ጠርተህ በጠዋት ንገረው። እስኪረጋጋ አጠገቡ ቁጭ በልልኝ።»

ገብረዋሕድ ተቀብሎ አነበበው። ከዚያ ብዕሩን ከእጇ ወስዶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ከሥሩ በራሱ እጅ ጨመረበት፦

«እኔም እለምንሃለሁ። የሟች ወንድም።»