ሁለት ቀለም በሐምሌ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አቶ አዝመራው ደግሞ በሰባ አራት ዓመት ዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይጠረጥሩ የዋሉ ሰው አይደሉም። ከታመሙ ወዲህማ ብሶባቸዋል።

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ቢሻው ሁለት ጣሳ ቀለም ይዞ ገባ። ሚስቱ ሶስና ከአልጋቸው ትይዩ ያለውን ግድግዳ ወለወለችና ሁለት ቦታ ትንሽ ትንሽ ቀባችው፤ አንዱ ክሬም፣ ሌላው ጠቆር ያለ ቡናማ።

«አባባ፣ የትኛው ይሻልዎታል?»

አቶ አዝመራው ቀለሙን ትተው እሷን አዩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የታጠበ ነጠላ እንኳ በሳምንት በማይደርቅበት በቆሰበር ከተማ በሐምሌ ቤት የሚቀባ ማን አለ? ሰው ሁሉ መስከረም እስኪጠባ ይታገሣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሉት፣ ሁለቱም ቁም ነገረኞች ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሙ ቢሻውን ለብቻው አነጋግሮት ነበር። «ጨጓራ ነው አለኝ» ብሎ ወጣ፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። አቶ አዝመራው ይህን ነገር ያውቁታል። ለሕመምተኛ ክፉ አይነገርም። እሳቸውም ሚስታቸውን ወርቅአየሁን «ብርድ ነው» እያሉ ነው የሸኟት።

ፈሩ። ቢሆንም ሳያጣሩ ማመን አልወደዱም።

«ከመስቀል በኋላ ብንቀባውስ? አሁን እርጥበቱ ይልጠዋል» አሉ።

«አይ፣ አሁን ነው የሚሻለው» አለ ቢሻው ቶሎ ብሎ።

«ምን አስቸኮለህ?»

«እንዲሁ... ቤቱ እንዲያምርዎት ብዬ ነው።»

ሶስና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አቶ አዝመራው በገኑ። የገዛ ሞታቸው ተመክሮበት፣ ቀለም ተገዝቶለት፣ ለእሳቸው ብቻ አልተነገረም! ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ወርቅአየሁ ትዝ አለቻቸውና ቁጣውን ተዉት።

«ክሬሙ ብርሃን አለው» አለች ሶስና፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

«ቡናማው ይሁን።»

«ይጨልምብዎታል እኮ፣ አባባ።»

«ለእኔ አይደለም፣ ልጄ። በዚህ ዝናብ ድንኳኑ አይበቃም፤ ለቀስተኛው እዚህ ገብቶ፣ በረጠበ ጋቢው ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚቀመጥ። ክሬሙ ቆሽሾ ለሣልስቴም አይደርስ።»

ቢሻው ጣሳውን አስቀመጠ።

«ማን ነገረዎት?»

«አሁን፣ አንተ» አሉ አቶ አዝመራው።