«ማሟያ» የተባለው ቅጠል

ከግንዱ የተቆረጠ ቅጠል አይጠማውም ብሎ ያስተማራችሁ ማን ነው? እኛን ያስተማረን የአበባ እርሻችን ማሸጊያ ክፍል ተቆጣጣሪ ነው። ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ «ይታያል» ስለሆነ ሠራተኛው «አቶ ይታያል» ይለዋል፤ አንድም ነገር ሲያይ ግን ያየው የለም።

ታላቅ እህቴ በዚያ ክፍል ለአበባ ማስቀመጫ የሚሆን ቅጠል ማዘጋጀት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እኔ ሚዛን ላይ እሠራለሁ፤ ከጠረጴዛዋ አሥር እርምጃ አልርቅም።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። ለጭነት በሚሞላው ቅጽ ላይ አበባው «አበባ» ሲባል ቅጠሉ «ማሟያ» ተባለ። ቀዝቃዛው ክፍል ለአበባ ነው፤ መድኃኒት የገባበት ውሃም ለአበባ ነው። ማሟያ ግን ደጅ፣ ባልዲ ውስጥ በትናንት ውሃ፣ ፀሐይ እየበላው ይቆማል። እህቴ ጫፉን በሰያፍ ልቁረጠው፣ ውሃ የሚነካውን የታች ቅጠል ልመልምለው፣ ንጹህ ውሃ ላይ ቁንጥር ስኳርና ሁለት ጠብታ በረኪና ልጨምርበት ብላ አቶ ይታያልን ብትጠይቀው፣ ስኳር ለሻይ ነው ብሎ ሰው አሳቀባት።

ከዚያ አንድ ሆቴል ቅጠሉ በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነብን ብሎ አቤት አለ። አቶ ይታያል ያኔ ዓይኑ ተገለጠ፤ ጥፋቱ የእህቴ የደነዘ መቀስ ነው አለ። መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳም ማስጠንቀቂያ ለጠፈባት። ቅሬታው ከተደገመ ትባረራለች።

«ተወው አንተ ልጅ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ።

«ዝንቡማ ባልዲሽ ውስጥ ገብቷል፣ እታለም።»

በማግስቱ ከአንድ እቅፍ የወጣ ቅጠል በሁለት ጠርሙስ አድርጌ የሻይ ክፍሉ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ እሱ እንዳዘዘው፣ ሌላው እህቴ እንደምትለው ነው። ሁለቱንም የቆረጠችው እሷ ናት፤ በዚያው በተከሰሰው መቀስ። የእሱ በአራተኛው ቀን ቢጫ ሆነ፣ ውሃውም ሸተተ። የእሷ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገና አረንጓዴ ነበር።

ጠርቼ አሳየሁት። ዳሰሰው፤ ፕላስቲክ ነው አለ። እህቴ አንዷን ቅጠል ቀንጥሳ መዳፉ ላይ ጨመቀችለት። አረንጓዴ የሆነ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሄደ።

«ይታያል» አለ ከበሩ።

ታይቷል፣ ጌታው። ማስጠንቀቂያው ዛሬም ሰሌዳው ላይ ነው፤ ሁለቱን ጠርሙሶች ከሥሩ አቁሜያቸዋለሁ። ክሱን ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ ለጥፈዋል፤ መልሱንም እዚያው፣ ከነፊርማዎ ይለጥፉ፦ ቅጠሉን የገደለው የእህቴ መቀስ ነው ወይስ የእርስዎ «ማሟያ»?