ኔትወርክ የሚጠጣው ሾላ

«ይሄ ቅርንጫፍ ካልተቆረጠ ነገርየው አይሠራም። እቅጩን ልንገርዎት፣ አባባ።»

የኢንተርኔት ባለሙያዋ ይህን ያለችው መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆና፣ በአንድ እጇ የጣሪያውን ጠርዝ ይዛ፣ በሌላው ትንሽ ነጭ አንቴና ወዲያና ወዲህ እያዞረች ነው። ከሥር መሰላሉን ደግፎ የቆመው የደን ጠባቂ እንዳልሰማ ሰው መሰላሉን አጥብቆ ያዘ። ሰምቷል። እንዲያውም ጠዋት ዕቃዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ዓይኗ ሾላው ላይ ሲያርፍ ካየ ጀምሮ ይህችን ቃል ሲፈራ ነው የዋለው።

«ሌላ መላ የለውም?»

«መላማ ሞልቷል። ቤቱን አንስተው ወዲያ ማዶ መትከል ይችላሉ።»

ሳይወድ ሳቀ። ምላሷ አያድርስ ነው፤ ሥራዋን ግን ታውቃለች። ከጉብታው ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ጉብታው ስታመላልሰው ነው ያረፈደችው። አንዱን አንቴና ጉብታው ላይ ካለው የውሃ ታንከር ምሰሶ ጋር አስራዋለች፤ እሱ ከተማውን ያያል። ይሄኛው ደግሞ ከቤቱ ጣሪያ ሆኖ የጉብታውን ማየት አለበት። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተያዩ ኢንተርኔቱ ከከተማ ወደ ጉብታው፣ ከጉብታው ወደ ግቢው ይወርዳል። በመካከላቸው ግን ሾላው አለ። ትልቁ ቅርንጫፉ ግቢውን አቋርጦ ተዘርግቷል፤ ሌሊት የጣለው ዝናብም ገና ቅጠሉ ላይ ነው።

«እርጥብ ቅጠል ኔትወርክ ይጠጣል» አለች እየወረደች። «ይሄ ሾላዎ ደግሞ ጠጥቶ የሚጠግብ አይመስልም።»

በአካባቢው ይህን ሰው «ቅጠል ቆጣሪው» ነው የሚሉት። ለጥርስ መፋቂያ የምትሆን እንጨት የቀነጠሰ ሰው እንኳ መንገድ ላይ ካገኘው በሰላም አይለየውም። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ጫካ ውስጥ ሌላውን «አትንካ!» ሲል የኖረ ሰው፣ ዛሬ በገዛ እጁ መጋዝ አንሳ ቢሉት ምን ይበል? ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ በሆነ። የዚህኛው ጥላ የሚያርፈው ሚስቱ ወንበር ላይ ነው።

ወንበሩ ዛሬም ከቦታው አልተነሳም። ሲጋቡ ራሱ ነው የሠራላት፤ አንደኛው እግር አጠር ብሎበት እስከ ዛሬ ይንገጫገጫል። «ወንበር ነው ፈረስ የሠራህልኝ?» እያለች ስታሾፍበት ኖራለች፤ ይስተካከል ሲላት ግን አትሰማም ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚያ ቁጭ ብላ የተቀደደ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ከችግኝ ጣቢያው ሲመለስ ገና ከሩቅ ስታየው፣ «መጣልሽ ደግሞ የቅጠሉ ጌታ!» ትል ነበር ለራሷ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ።

ካቻምና ልጃቸው ስትወልድ ልታርሳት ከተማ ወረደች። ሕፃኑ ዳዴ አለ፣ ቆሞ ሄደ፤ እሷ አልተመለሰችም። ተጣልተው አይደለም፤ ቢጣሉማ ይታረቁ ነበር። የሄደች ዕለት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቃት ወደ ጫካው ዞር ብላ፣ «እዚህ እኮ የሰው ድምፅ ናፍቆኝ ነው የኖርኩት። አንተ እንደሆንክ ከዛፍ ጋር ነው የምታወራው» አለችው። ክፉ ንግግር አልነበረም፤ በሳቅ ነው ያለችው። ቃሏ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ሲናፍቀው ጉብታው ላይ ይወጣል። ነፋሱ ግማሹን ወሬ ይወስድበታል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» «ደህና፣ ደህና» ተባብለው ይዘጋሉ። «ነይ» ብሏት ግን አያውቅም። መጀመሪያ ሕፃኑ ይጠንክር ብሎ ተወው። ቀጥሎ እሷው ታንሳው ብሎ ጠበቀ። በኋላ ደግሞ እምቢ ብትለኝስ ብሎ ፈራ፤ እውነቱ ይሄ የመጨረሻው ነው። ታዲያ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የጎደላት የሰው ድምፅ ከሆነ የሰው ድምፅ አመጣላታለሁ። ኢንተርኔት ከገባላት ልጇንም የልጅ ልጇንም ከዚሁ ወንበር ላይ ሆና እያየች ትኖራለች። እንግዲህ ምን ምክንያት ይኖራታል?

«አባባ፣ ምን ይሻላል? ደመናው እየመጣ ነው።»

መጋዙን ከጓዳ ይዞ ወጣ።

«እኔ ልውጣ?» አለችው።

«ተይ ልጄ። የኔ ዛፍ ነው።»

ዛፉ ላይ ወጥቶ፣ ቅርንጫፉ ቅርፊቱን ልጦ እንዳይወርድ በመጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት ገዘገዘ፣ ከዚያ ከላይ ጀመረ። ስንቱን የደረቀ ግንድ ሲጥል እጁ ያልዛለ ሰው፣ ቶሎ ቶሎ እያረፈ ትንፋሹን ሰበሰበ። የሾላው ነጭ ወተት በመጋዙ ጥርስ ላይ ወረደ። «ይቅር በለኝ እንግዲህ» አለ በለሆሳስ፤ ወዲያው ባለሙያዋ ሰምታው እንደሆነ ብሎ ወደ ታች አየ። ሰምታለች፤ ግን ለዚህኛው አላሾፈችም። ቅርንጫፉ አንዴ ተንቋቋና ግቢውን በቅጠል ሞላው። ወንበሩ ድንገት ፀሐይ ላይ ወጣ። አሮጌና ትንሽ ሆኖ ታየው።

ባለሙያዋ ተመልሳ ወጣችና አንቴናዋን አዟዟረች፤ ብሎኑን አላላች፣ ደግማ አጠበቀች። በመጨረሻ ትንሿ መብራት አረንጓዴ ሆነች።

«እሰይ! ተያዩ!»

ልጁ ከከተማ የላከችለትን ባለካሜራ ስልክ ከእጁ ተቀብላ ስትነካካ ቆየችና ቀና አለች። «ስም ይፈልጋል። ኢንተርኔቱን ማን ልበለው?»

ብዙ አላሰበም። «'ነይ' በይው።»

ጣቷ ቆመ። ባዶውን ወንበር አየች፣ እሱን አየች። «ለእማማስ ነግረዋቸዋል?»

«ምኑን?»

«ይሄንኑ ነዋ።»

«ታውቀዋለች» አለና የተበተነውን ቅጠል መሰብሰብ ጀመረ።

«እኔ ማሽን ነው የማስተካክለው» አለች ዕቃዋን እየከተተች። «ግን ማሽን እንኳ ካልነገሩት አያውቅም፣ አባባ።» መሰላሏን ተሸክማ ወደ መንገዱ ወረደች፤ እሱም እስክትሰወር ድረስ ቆሞ ሸኛት።

ብቻውን ሲቀር ፊቱን ታጠበ። ሸሚዝ ቀየረ። ሊያገባት ሽማግሌ የላከ ዕለት እንኳ እንዲህ አልተርበተበተም። ደወለ።

«ውይ!» አለች ሚስቱ፣ ገና ፊቱ ሲታያት። «ውይ፣ ውይ፣ ውይ! አንተ ነህ? ከየት ሆነህ ነው?» ሕፃኑ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሊነጥቃት ይታገላል። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል፤ ይሄን ማንም አልነገረውም።

«ከቤት ነው። ከግቢያችን። ኢንተርኔት አስገባሁ።»

«አንተ? ኢንተርኔት? ኧረ ጉድ! እስቲ አሳየኝ፣ አሳየኝ!»

በሩን አሳያት፤ ቀለሙ ተላልጧል ብላ ተቆጣች። የእንጨት ክምሩን አሳያት። ጉብታውን በሩቁ አሳያት። እሷም ሕፃኑን አቅፋ፣ «አያ፣ አየህ? የአያትህ ጫካ!» ትላለች። ሳቋ ግቢውን ሲሞላው አሁን ትለዋለች፣ አሁን መምጣቷን ትነግረዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ጎሽ፣ ጎበዝ!» አለችው። «እንግዲህ ምን ቀረብኝ! እዚሁ ቁጭ ብዬ ጠዋት ማታ አይሃለሁ። ስሰጋ ነበር እኮ፣ ብቻህን ነህ እያልኩ። አሁንስ ሐሳቤ ተቃለለ።»

ክው አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ እዚያው ቀረ፤ የሚያነሳበት ዘዴ ጠፋው። እንድትመጣ ብሎ የደከመበት ነገር፣ ለካ ሳትመጣ እንድትኖር ነው ያመቻቸላት።

«ወንበሬስ?» አለች።

ስልኩን ወደ ወንበሩ አዞረው።

«ፀሐይ ላይ ምን አስቀመጠው?» ጠጋ ብላ አየች። «ጥላዬስ? ቅርንጫፉን ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

«አንተ?»

«ኔትወርኩን ከለከለ። አንቴናዎቹ አልተያይ አሉ።»

ይህን ሰው ታውቀዋለች። አንድ ክረምት ለልብስ መስቀያ ብላ ከዚሁ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ብትሰብር ሦስት ቀን አኩርፏታል። ሕፃኑ ሲወራጭ እንኳ ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም። «እስቲ... እስቲ ምንጩን አሳየኝ» አለች ቆይታ፤ ድምፅዋ ቀደም ሲል እንደነበረው አልነበረም።

በቀጭኗ መንገድ ወደ ምንጩ ወረደ። ዛፎቹ እየጠበቁ፣ ቅጠሉ እየተደራረበ መጣ። ምስሏ ይቆም፣ ይቆራረጥ ጀመር።

«ወዴት ጠፋህ? አንተ ሰው፣ ጠፋህብኝ! ተመለስ! ተመለስ እንጂ!»

ቆመ። እንዴት ቀለላት! ይህንኑ ቃል እሱ ሁለት ክረምት ሙሉ ጉሮሮው ላይ ተሸክሞት ዞሯል። ስልኩ ላይ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀርታለች፤ አታየውም፣ አትሰማውም። እንዲህ ሆና ስትታየው ድፍረት አገኘ።

«አንቺ ተመለሺ እንጂ!» አላት። «ናፍቀሽኛል። ቤቱ ቤት አልሆን አለኝ። የምትሰፊው እንኳ አጥተሽ እንደሆነ፣ ሸሚዜ ሁሉ ተቀዷል። ነይ።»

ከምንጩ በቀር የመለሰለት የለም። ጥቂት ቆሞ ወደ ግቢው ወጣ። ከጫካው ጥላ እንደወጣ ምስሏ ነፍስ ዘራ። ሚስቱ ሕፃኑን ከጭኗ አውርዳዋለች፤ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታለች፤ አትስቅም።

«መጨረሻ ላይ ምን አልከኝ?»

«የቱን?»

«እኔ እንጃ። ተቆራረጠብኝ።»

ፊቷን አጥብቆ አየው። እውነት አልሰማች እንደሆነ፣ ወይስ ሰምታ ደግሞ እንዲላት ፈልጋ እንደሆነ ሊለይ ሞከረ። ድሮ አንድ ጊዜ ዓይኗን አይቶ ያውቅ ነበር።

«ተናገር እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ደህና ይሰማል።»

ወደ ወንበሯ ሄደ። ተቀምጦበት አያውቅም። ሲቀመጥ አጭሩ እግር ተንገጫገጨ፤ ፀሐዩ ሙሉውን ፊቱ ላይ ወረደ። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘና ጉሮሮውን ጠረገ።