ከግንዱ ጀርባ የታሰረው ሪባን

አረንጓዴ ሪባን ገዝተው ሰጡኝ። ለጫካ ሩጫ ምልክት፣ አረንጓዴ! ከቅጠሉ ጋር ድብብቆሽ ልጫወት ይመስል። የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጥቅሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ «ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል ብለን ነው እትዬ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ሰው ምልክት የሚያየው መንገድ እንዳይስት ነው እንጂ ከተፈጥሮ ጋር እንዲስማማ ነው እንዴ? ደግሞ ውድድሩ በማግስቱ ነው።

ሥራዬ የሩጫ መንገድ ማውጣትና ማመልከት ነው፤ ደን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ከባቄላ ማሳው ዳር ተነስቶ፣ የጥዱን ደን ሰንጥቆ፣ በሐይቁ ዳር ቄጠማውን ታክኮ ሜዳው ላይ የሚያልቀውን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከደኑ ወጥተህ ሐይቁ ድንገት ፊትህ ሲዘረጋ፣ የደከመው እግርህ ራሱ ሳታዘው ይፈጥናል። ይህን መንገድ እወደው ነበር። አሁን ስሙ ሲነሳ ወሬ እቀይራለሁ።

ማመልከት ሲያዩት ቀላል ነው፣ ግን ሕግ አለው። ሪባን የሚታሰረው ሯጩ በሚመጣበት አቅጣጫ እየሄዱ፣ በቀኝ በኩል፣ በዓይን ቁመት ነው። መገንጠያ ላይ ሁለት ይታሰራል። ታስሮ ካለቀ በኋላ ያሰረው ሰው መንገዱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሮጦ ያረጋግጣል። ውድድሩ ሲካሄድ ደግሞ ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ አንድ ሰው እየተከተለ ሪባኑን ይለቅማል፤ ደኑ ውስጥ ብጣሽ እንዳይቀር። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ያመጣኋት እኔው ነኝ። ለቃሚውን ባልደረባዬን ሁልጊዜ ከኋላ ስለሚመጣ «ጅራት» ብለን እንጠራዋለን፣ እሱም ይወደዋል።

የዚያን ዓመት ውድድር ከሌላው ጊዜ የተለየ ነበር። ሴቶች ብቻ ይሮጡበታል፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትም ክለብ ይገባሉ ተባለ፤ ማደሪያ፣ አሠልጣኝ፣ ደሞዝ። ክለቡ ሃያ ዓመት የሞላትን አይቀበልም። ልጄ ሃያ ሊሞላት ሦስት ወር ቀርቷታል። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የሮጠችው ለዚህች አንድ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? የሰው አፍ ፈርቼ መንገዱን እንዳትረግጠው ከለከልኳት።

«እማ፣ የሐይቁ ሰፈር ልጆች በየቀኑ ይሮጡበታል እኮ!»

«እነሱን እናታቸው አታመለክትላቸውም። አንቺ ብታሸንፊ ‹እናቷ አስጠንታት ነው› ይሉሻል። በገዛ እግርሽ አሸንፊ።»

አኮረፈች፣ ግን እሺ አለች። ስድስት ወር ሙሉ አስፋልት ዳር፣ የከባድ መኪና ጭስ እየዋጠች ሮጠች። እኔ ያወጣሁትን ደንና ውሃ ከልጄ በቀር ያገሩ ሰው ሁሉ ተዝናናበት።

እንግዲህ ወደ አረንጓዴው ሪባን ልመለስ። ካምና የተረፈኝ ቀይ ሪባን ስለነበረ ጠዋት በእሱ ግማሹን መንገድ፣ እስከ ደኑ መሃል፣ አመልክቼ ነበር። እሱ ሲያልቅ ነው ሰብሳቢው ዘንድ የሄድኩት። ቀይ ለማግኘት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ ዋልኩ። አንዱ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይለኛል፣ ሌላዋ «ቅጹ ተቀይሯል» ትለኛለች፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፉን ይዞ ምሳ ወጥቷል። በስተመጨረሻ ሱቅ ገብቼ በኪሴ ገዛሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

የጽሕፈት ቤታችን ሾፌር ወደ ደኑ መሃል መኪና አይገባም፣ ሐይቁ ዳር ላድርስሽ አለኝ። ስለዚህ የቀረውን ግማሽ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ኋላ ማሰር ያዝኩ። ወደ ኋላ ማሰር ይቻላል። እያንዳንዱን ዛፍ አልፎ፣ ዞሮ፣ ሯጩ በሚያየው በኩል ማሰር ነው። እንደዚያው እያደረግሁ መጣሁ። ከሐይቁ በላይ ያለው መገንጠያ ስደርስ ግን ከሰብሳቢው ጋር በሐሳቤ እየተጨቃጨቅሁ ነበር። እንዲህ ሲለኝ፣ እንዲህ ብለው ኖሮ፣ እያልኩ። ከግንዱ በበቀለች ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ሪባን ጥርቅም አድርጌ አስሬ ሄድኩ።

ከዚያ ሮጬ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ጉልበቴን አሞኝ ነበር፣ ነገ በጠዋት አረጋግጣለሁ አልኩ። በጠዋቱ ደግሞ ቁጥር የሚያድሉት ሰዎች ቀሩና እኔን አስቀመጡኝ። ሃያ ዓመት አድርጌው የማላውቀውን በዚያች አንድ ቀን አደረግሁ።

ሩጫው ተጀመረ። በስልክ የሚከታተሉት ሰዎች ደኑ መሃል ላይ ልጄ በሁለት መቶ ሜትር እየመራች ነው ሲሉ በደስታ አጨበጨብኩ። መድረሻው ገመድ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ብቅ ያለችው የሐይቁ ሰፈር ልጅ ናት። ቀጥሎ ሌላ። ሦስተኛ። አራተኛ። ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ልጄ አሥራ አንደኛ ሆና መጣች፣ እስከ ጉልበቷ የቄጠማ ጭቃ ነው።

«እማ፣ መገንጠያው ላይ ሪባን የለም» አለች እያለከለከች። «ሰፊውን መንገድ ይዤ ስወርድ ውሃ ውስጥ ገባሁ።»

«እንዴት አይኖርም? እኔ ራሴ በእጄ...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። ግንዱ ታየኝ፤ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ወፍራም ጥድ። ሪባኑን ሳስር ሐይቁ ከጀርባዬ ነበር። ሳልዞር ነው ያሰርኩት። ከደኑ የሚመጣ ሯጭ የሚያየው ባዶ ግንድ ነው።

የቻልኩትን ያህል እያነከስኩ ወደ መገንጠያው ሮጥኩ። ማንም ሳይነካው ለሰው ላሳየው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጅራት ጆንያውን ተሸክሞ እያፏጨ መጣ።

«የመገንጠያውን አንስተኸዋል?»

«ምን የተረፈ አለ? አንድ ብጣሽ አልቀረም» አለኝ በኩራት።

«ግንዱ ላይ በየት በኩል ነበር? አስታውስ እስኪ!»

«ሪባን ሪባን ነው፣ ፈትቼ ከተትኩ። በየት በኩል እንደሆነ ማን ልብ ይላል?» ፊቴን አይቶ ደነገጠ። «አንድ እንኳ እንዳትተው ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ እንዴ?»

እኔው ነኝ።

ኮሚቴው ሜዳው ጥግ ባለችው ክፍል ተቀምጧል። አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ውጤት የሚጽፍ ኮምፒውተር። ገባሁና ቆሜ ተናገርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በተቃራኒ በኩል አስሬ፣ ሳላረጋግጥ ቀርቼ ነው፣ ልጅቷ እየመራች ስታ የቀረችው በእኔ ነው፣ ሥራዬንም ከፈለጋችሁ ውሰዱት አልኩ። ደንቡም ምልክት ከተበላሸ ሩጫው ይደገማል ይላል።

ሰብሳቢው አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። ወንበር ስቦልኝ ሻይ ቀዳልኝ።

«እትዬ፣ ሌላው ሠላሳ ሰው ያየውን ሪባን እሷ ብቻ እንዴት አጣችው?»

«ማን አየው? አንደኛ የወጣችው የሰፈሩ ልጅ ናት፣ መንገዱን ታውቀዋለች። ሌሎቹ ያዩት ሪባን ሳይሆን የፊተኛዋን ተረከዝ ነው!»

አንደኛዋን አስጠሯት። ልጅቷ በእውነት ጨዋ ናት። «እኔ ሪባን አላየሁም፣ መኖሩንም አለመኖሩንም አላውቅም። ከልጅነቴ የምሮጥበት ነው» አለች። ይህ ለእኔ የሚያግዝ ነው ወይስ በእኔ ላይ? ኮሚቴው በእኔ ላይ አደረገው።

«እኛ እኮ እናውቅዎታለን» አለ ሰብሳቢው፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «በሃያ ዓመት አንድ ሪባን ተሳስተው አያውቁም። ልጅዎ በተሸነፈች ቀን ነው የሚሳሳቱት? እናት ነዎት፣ ይገባናል። የእኔም እናት ብትሆን እንዲሁ ታደርግ ነበር። መዝገብ ላይ አናሰፍረውም፣ ሻይዎን ይጠጡ።»

ማልኩ። ዓይኔን ያጥፋው አልኩ። እነሱ እርስ በርስ እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቀረረ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በአዘኔታ ተሰድቤ አላውቅም። ሻዩን ጥዬ ወጣሁ።

ልጄ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጭቃ የበላውን የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሁሉንም ሰምታለች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ። መብቷ ነው። ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ይህን ውለታ ሳልከፍልሽ አልሞትም» አለች። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለእኔ ብለሽ ስምሽን አጠፋሽ።»

«አልዋሸሁም! ስሚኝ፣ ከግንዱ ጀርባ ነው ያሰርኩት። ስድስት ወር ከልክዬሽ፣ ኋላ ደግሞ በገዛ እጄ...»

«እሺ እማ።»

«እሺ አትበይኝ! አንቺ አልተሳሳትሽም፣ እኔ ነኝ!»

«ሪባኑ ነበር፣ እኔ በጥድፊያ ሳላየው አለፍኩ። ሌላው ሁሉ አልፎ የለ?» አለችና እንባዬን በመዳፏ ጠረገችው። «ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ስመራ ዓይኔ ይጨልማል መሰለኝ። እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም።»

ሃያ ዓመት ሞላት፣ ክለቡ ሌሎችን ወሰደ። ሩጫ ትታ አሁን የመድኃኒት መደብር ውስጥ ትሠራለች። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር እንደ ሕፃን ታባብለኛለች። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ቁጭ ብለን አንዴ እንኳ አምነሽኝ ተበሳጪብኝ ብዬ ለመንኳት። ሳቀች።

«በቃ እሺ፣ አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።